አሮጌ ካሜራን ሳይፈቱ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍን ሳይቆርጡ የሚሠሩ የእጅ ሥራዎች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ብዙ ቤቶች ከቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ወይም የጫማ ካርቶን አይጠፋም። በውስጡ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃትና የጉርድ ፎቶግራፎች ተደራርበው ይገኛሉ፤ አንዳንዴም ከእነርሱ ጋር ነጌቲቭ (ፎቶግራፉ የታተመበት፣ ጥቁሩና ነጩ የተገለበጠ ፊልም)፣ የፊልም ማስቀመጫ ብልቃጥና ፊልም ከገበያ ከራቀ ወዲህ ማንም ያልነካው ካሜራ ይኖራል። የእኔ ቆርቆሮ የመጣው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። በውስጡ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ዕቃ አጎቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄደው ሲመለሱ ያመጧት ዜኒት ኢ ካሜራ ናት።

በእንዲህ ያለ ዕቃ የእጅ ሥራ ለመሥራት ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚመርጠው ካሜራውን ፈትቶ አምፖል አስገብቶ የጠረጴዛ መብራት ማድረግ፣ ፎቶግራፎቹንም በመቀስ ቆርጦ ካርቶን ላይ መለጠፍ ነው። ሁለቱንም አልመክርም። አሮጌ ካሜራ ፊልም ባይጎርስም፣ በሌንሱና ፊልሙ ይቀመጥበት በነበረው ስፍራ መካከል ያለው ርቀት በፋብሪካ በጥንቃቄ የተለካ በመሆኑ ያን የመሰለ ሣጥን በቤት ውስጥ በመጋዝና በኮላ መሥራት እጅግ ያስቸግራል። ከዚህ በታች የማስረዳቸው ሥራዎች አብዛኞቹ በዚህ ርቀት ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ካሜራው እንዳለ መቆየት አለበት።

ካሜራው አብሮት የተሠራ ፍላሽ ያለው ከሆነ ደግሞ አለመፍታት የደኅንነት ጉዳይም ነው። የፍላሹን ብርሃን የሚያቀጣጥለው ካፓሲተር እስከ 300 ቮልት ገደማ የሚደርስ ኃይል ያጠራቅማል፤ ባትሪው ከወጣ በኋላም ኃይሉ ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ካሜራ ባትሪውን ብቻ አውጥተው ሳይከፍቱ ይተዉት። ዜኒት ኢ የብርሃን መለኪያዋ ብርሃንን ራሱን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ሴሊኒየም የሚሠራ በመሆኑ ባትሪም ሆነ የራሷ ፍላሽ የላትም፤ ለጀማሪ የምመርጣት ለዚህም ጭምር ነው።

መጀመሪያ ቅጂ ማዘጋጀት

ማንኛውም የእጅ ሥራ ከዋናው ፎቶግራፍ ሳይሆን ከቅጂው ሊሠራ ይገባል። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ምስሉን የያዘው በጄላቲን ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ብር ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ፣ ውኃ ሲነካው የሚያብጥና የሚለሰልስ ነገር ነው። ይህን ሳላውቅ ከዓመታት በፊት በአያቴ ፎቶግራፍ ላይ የተቀመጠውን ጥላሸት በእርጥብ ጨርቅ ለማጽዳት ስሞክር፣ የቀኝ ጉንጫቸው ከጨርቁ ጋር ተነሥቶ ሄደ። ሌላ ፎቶግራፍ የላቸውም። ስለዚህ አቧራን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ማራገፍ በቂ ነው፤ በብሩሽ የማይነሣውን ጥላሸት እንዳለ መተው ይሻላል።

ፎቶግራፉ ከፍሬሙ መስተዋት ጋር ተጣብቆ ከተገኘም መላቀቅ የለበትም። ጄላቲኑ መስተዋቱን ይዞታልና ቢጎተት ምስሉ መስተዋቱ ላይ ይቀራል። መስተዋቱን በውጭ በኩል ብቻ ወልውለው፣ እንዳለ ከነመስተዋቱ ያንሡት።

ቅጂውን በስልክ ለማንሣት ከሁሉ የሚሻለው ብርሃን ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው የደጃፍ ጥላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጣርማ በር በኩል ወጥቶ ሰማዩን ሲሸፍነው ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚመጣ፣ ለሌላ ሥራ የማይመቸው ያ ቀን ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። ፎቶግራፉን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አስተኝተው፣ ስልኩን ከበላዩ ከፎቶግራፉ ጋር ትይዩ አድርገው ይያዙ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የታተመ ከሆነ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሰው አያንሡ፤ የልብሱ ንጣት ፎቶግራፉ ላይ አርፎ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ጥቁር ካርቶን መሐሉን ቀድደው በቀዳዳው በኩል ቢያነሡ ነጸብራቁ በእጅጉ ይቀንሳል።

ነጌቲቭን በካሜራው ውስጥ መገልበጥ

ከሁሉ የምወደው ሥራ ይህ ነው። ብዙ ቤተሰብ ፎቶግራፉን ለዘመድ አድሎ ጨርሶ ነጌቲቩን ብቻ አስቀርቷል፤ ያን ነጌቲቭ የሚያትም ፎቶ ቤት ግን ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ነጌቲቩን ያነሣው ዓይነት ካሜራ ራሱ መልሶ ሊያነበው መቻሉን ያወቅሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዜኒቷን ጀርባ ከፍቼ ሳጸዳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራው ሌንስ እጅግ ሩቅ ወዳለ ነገር ሲስተካከል፣ የዚያ ሩቅ ነገር ምስል ፊልሙ በሚቀመጥበት ስፍራ ላይ ጥርት ብሎ ያርፋል። በዜኒት ላይ ይህ ስፍራ ሌንሱ ከተጠመጠመበት ብረት ፊት 45.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። ብርሃን በሄደበት መንገድ መመለስ ስለሚችል፣ ነጌቲቩን በዚያው ስፍራ አስቀምጠን ከኋላው ብርሃን ብናበራበት፣ ከሌንሱ ፊት የሚቆም የስልክ ካሜራ ነጌቲቩን እጅግ ሩቅና ትልቅ ሆኖ ያየዋል። መለካትም ሆነ አዲስ ሣጥን መሥራት አያስፈልግም፤ ካሜራው ራሱ ሣጥኑ ነው።

ለሥራው የካሜራውን ጀርባ ይክፈቱ። በመሐል ያለው 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን መስኮት ፊልሙ ብርሃን ያገኝበት የነበረው ነው። የሻተሩን (ብርሃን ወደ ፊልሙ እንዲያልፍ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) ፍጥነት «ቢ» በሚለው ፊደል ላይ ያድርጉ፤ በዚህ ፊደል ላይ ሻተሩ ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ በካሜራው ውስጥ ያለው መስተዋትም ወደ ላይ ተነሥቶ መንገዱን ይለቃል። ፊልም ማሳለፊያውን ስበው ሻተሩን ከወጠሩ በኋላ ቁልፉን ተጭነው፣ እንደተጫነ እንዲቀር ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ከላዩ አድርገው በፕላስተር ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። የሌንሱን ፎከስ የተኛ ስምንት ቁጥር ወደሚመስለው ምልክት፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ) ደግሞ እስከ መጨረሻው ከፍተው ወደ 2 ያዙሩት። ይህ ቁጥር ከዜኒት ጋር ብዙ ጊዜ በሚገኘው ባለ 58 ሚሊ ሜትሩ የሄሊዮስ ሌንስ ላይ ያለው ነው፤ በሌላ ሌንስ ላይ ከሁሉ የሚያንሰውን ቁጥር ይምረጡ።

አሁን ነጌቲቩን በዳርና በዳር ብቻ ይዘው በመስኮቱ ላይ ያስተኙት። ከነጌቲቩ ሁለት ገጾች አንዱ ያብለጨልጫል፣ ሌላው ደብዘዝ ይላል፤ የሚያብለጨልጨው ወደ ሌንሱ መዞር አለበት። ፊልሙ ሲነሣ የነበረው በተቃራኒው ስለሆነ ይህ ስሕተት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያኛው ገጽ ብናየው ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። በምስሉ ውስጥ የሱቅ ስም ወይም የመኪና ታርጋ ካለ ትክክለኛነቱን በእርሱ ማረጋገጥ ይቻላል። ነጌቲቩ እንዳይጐብጥ መሐሉ በ24 በ36 ልክ የተቀደደ ካርቶን ከላዩ ጫን አድርገው፣ ካርቶኑን እንጂ ነጌቲቩን ሳይነኩ ከካሜራው አካል ጋር በፕላስተር ያያይዙት።

የካሜራውን ጀርባ ወደ ቤቱ መስኮት አዙረው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ከነጌቲቩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገው ነጭ ወረቀት ያቁሙ፤ ወረቀቱ የውጩን ብርሃን እኩል ያደርገዋል። ወረቀቱ ነጌቲቩን ከነካ ግን የወረቀቱ ጭረት በምስሉ ላይ ይታያል። ከዚያ ስልኩን ሌንሱ ፊት አስጠግተው፣ ሁለት እጥፍ አጉልተው ያንሡ። ማዕዘኖቹ ቢጨልሙ ስልኩን ጥቂት ወደ ጎን በማንቀሳቀስ ሁለት ጊዜ አንሥቶ ከእያንዳንዱ የጠራውን ክፍል መውሰድ ይቻላል። በመጨረሻ በስልኩ የፎቶ ማስተካከያ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር የሚያደርገውን ትእዛዝ ሲሰጡ ሰዎቹ ብቅ ይላሉ። ያን ቅጽበት በቃል ለመግለጽ ያስቸግረኛል፤ እናቴ በ1970ዎቹ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ የተነሣች ልጅ ሆና ስትወጣልኝ ስልኩን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አይቻታለሁ።

የቀለም ነጌቲቭ ብርቱካናማ መደብ ስላለው ሲገለበጥ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀለሙን በማስተካከል መታገል ካልፈለጉ ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት። ሻተሩ የተሰበረ ካሜራ ለዚህ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ሌንሱን ብቻ አውጥተው በወፍራም ካርቶን ቱቦ ጫፍ ላይ በመግጠም፣ ነጌቲቩን 45.5 ሚሊ ሜትር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ካሬ ቅርጽ ያለው ትልቁ ነጌቲቭ በዜኒት መስኮት አይገባምና ነጭ ብርሃን በሚያሳይ የታብሌት ስክሪን ላይ፣ በመሐል ደብዛዛ ፕላስቲክ አድርገው ከፍ በማድረግ በስልክ ብቻ ያንሡት።

ስለ ነጌቲቭ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከብልቃጡ ወይም ከፖስታው የኮምጣጤ ሽታ ከወጣ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ መበስበሱ ወደ ጤናማዎቹ ስለሚዛመት ለብቻው ይለዩትና ቀድመው እርሱን ይገልብጡት። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ፊልም ደግሞ በቀላሉ ከሚቀጣጠል ናይትሬት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ከምድጃ፣ ከሻማና ከሚሞቅ አምፖል ፈጽሞ ማራቅ ያስፈልጋል። ነጌቲቭ በመብራት ዙሪያ ጠምጥሞ ማስጌጥን የማልደግፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለልጆች የሚሆን የማያ ሣጥን

ነጌቲቩን ከመስኮቱ ላይ አንሥተው በምትኩ ብርሃን የሚያሳልፍ ደብዛዛ ወረቀት ቢለጥፉበት፣ ያው ካሜራ ሌላ ሥራ ይሠራል። የሥዕል መገልበጫ ወረቀት ጥሩ ነው፤ ከታጣም ስስ ነጭ ወረቀት ዘይት ቀብቶ ማድረቅ ይበቃል። ሻተሩን እንደ ቀድሞው ክፍት አድርገው ካሜራውን ከቤት ወደ ውጭ አነጣጥረው፣ ራስዎንና የካሜራውን ጀርባ በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ባሕር ዛፉ፣ የሚያልፈው ጋሪ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ተዘቅዝቆ ከነቀለሙና ከነእንቅስቃሴው ይታያል። የፎከሱን ቀለበት ሲያዞሩ የቅርቡ ይጠራና የሩቁ ይደበዝዛል፤ አፐርቸሩን ከ2 ወደ 16 ሲያጠቡት ምስሉ ይጨልማል፣ ነገር ግን ቅርቡም ሩቁም አብሮ ይጠራል። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚማር ልጅ ይህን በአንድ ከሰዓት ካየ በቃል ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ምስሉ የሚዘቀዘቀው ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ነው፤ ከጉልላቱ የተነሣው ወደ ታች፣ ከመሬቱ የተነሣው ወደ ላይ ይወርዳልና ይወጣል፣ በሌንሱም ላይ ይሻገራሉ። ይህን በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ በተበጀ ትንሽ ቀዳዳ የመረመረው ኢብን አል-ሃይሰም የኖረው ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መስኮቷ አንዲት ብቻ የሆነች ቤት ያለው ሰው መከለያውን ዘግቶ የጣት ውፍረት ያላት ቀዳዳ ቢተው፣ ፀሐያማ በሆነ ጠዋት የውጩን ግቢ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ያገኘዋል።

ከዜኒቷ የሚገኘው ምስል ትንሽ መሆኑ ካላረካዎት የአሮጌ የማንበቢያ መነጽር መስተዋት ይጠቀሙ። ቁጥሩ +4 የሆነ መስተዋት የሩቅ ምስልን 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሰበስባል። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት ካርቶን አዘጋጅተው፣ ውስጣቸውን በጥቁር ቀለም ቀብተው፣ በአንዱ ጫፍ መስተዋቱን፣ በሌላው ጫፍ ደብዛዛውን ወረቀት ይግጠሙ። ከ10 ሜትር ርቀት የቆመ ሰው በዜኒቷ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚህ ሣጥን ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ይታያል። ሣጥኑንም ሆነ ካሜራውን ወደ ፀሐይ ማነጣጠር ግን ክልክል ነው። በእነዚህ አምባዎች ላይ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ በሌንስ ስትሰበሰብ የዓይንን ብርሃን ታጠፋለች፣ ከጨርቅ የተሠራውን የዜኒት ሻተርም ትበሳለች።

ቅጂውን በጥድ ጣውላ ላይ ማሳረፍ

ለግድግዳ የሚሆን ሥራ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው የፈረሰ ቤት የጥድ ጣውላ ነው። አዲስ የተቆረጠ ጥድ ገና ስላልደረቀ አይሆንም፤ ለብዙ ዓመት መቃን ወይም መዝጊያ ሆኖ የቆየ ግን ደርቆና ረግቶ ይገኛል። ጣውላውን አናጢ ከላገው በኋላ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ይፈግፍጉት።

ቅጂውን የሚያትሙት በሌዘር ፕሪንተር፣ በተራ ወረቀት ላይና ግራና ቀኙ ተገልብጦ መሆን አለበት። በፈሳሽ ቀለም የሚያትመው ፕሪንተር ለዚህ አይሆንም፤ የእርሱ ቀለም ብዙ ጊዜ በውኃ ይሟሟል፣ የሌዘሩ ግን ቀልጦ የተጣበቀ ዱቄት ስለሆነ ውኃ አያስለቅቀውም። በጣውላው ላይ ነጭ የአናጢ ኮላ በስሱና በእኩል ይቀቡ፤ የታተመውን ገጽ ወደ ታች አድርገው ይለጥፉት፤ በጠርሙስ እያንከባለሉ አየሩን ወደ ዳር ያስወጡ። ቢያንስ 24 ሰዓት መድረቅ አለበት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ እኔ ሁለት ቀን እተወዋለሁ። ቸኩሎ ያልደረቀውን የነካ ሰው ወረቀቱንም ምስሉንም አብሮ ይልጠዋል።

ሲደርቅ ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ አርሰው በጣትዎ ጫፍ በቀስታ ያሹት። ወረቀቱ እየተንከባለለ ይነሣል፣ ምስሉ ከእንጨቱ ጋር ይቀራል። ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ተመልሶ ከታየ ጥቂት ወረቀት ቀርቷል ማለት ነውና እንደገና አርሶ ማሸት ያስፈልጋል፤ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገሙ የተለመደ ነው። በመጨረሻ በስሱ ቫርኒሽ ይቀቡት። በፎቶግራፉ ነጭ የነበረው ሁሉ እዚህ የጥዱን ቀይማ ቀለም እንደሚይዝ ማሰብ ይገባል፤ የእናት ነጠላ፣ የካህን ጥምጥም፣ የሰማዩ ንጣት እንጨት ይሆናል። ስለዚህ ጥቁሩና ነጩ በግልጽ የተለየ ፎቶግራፍ ይምረጡ፣ ከትልቁም በፊት በቁራጭ ጣውላ ላይ ይሞክሩ።

ስለ ባና

የመንዝ ባና (ከበግ ሱፍ የሚሸመን ወፍራም ልብስ) ቁራጭ ለካሜራ ማንገቻ እጅግ የሚያምርና ጠንካራ ነው፤ ሁለት ጣት ስፋት አድርገው ቆርጠው፣ ጠርዙን አጥፈው በወፍራም ክር ይስፉት፣ ጫፎቹንም በቆዳ ያጠንክሩ። በአንዳንድ ቤት ግን ባናውን ወይም የበግ ሱፉን በፍሬም ውስጥ ከፎቶግራፉ ጀርባ ሲያነጥፉት አይቻለሁ፤ ይህ መቅረት አለበት። ሱፍ በውስጡ ድኝ አለው፣ ከእርሱ የሚወጣው ትነትም የፎቶግራፉን ብር ያጠቁራል፤ ከዚያም በላይ ብል ይስባል። ባናውን ከፍሬሙ ውጭ፣ በዙሪያው ቢያደርጉት ደግሞ ውበቱ ይጎላል። በውስጥ ግን ቅጂ እንጂ ዋናው ፎቶግራፍ አይግባ።

ዋናዎቹ ፎቶግራፎች የኩበት ጢስና የቡና ዕጣን ከማይደርስበት ክፍል፣ እያንዳንዳቸው በወረቀት ተለይተው ይቀመጡ። የሰዎቹ ስምና ቦታው በለስላሳ እርሳስ በጀርባው ዳር ላይ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ገጽ ዘልቆ ይታያል። ስሙን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቅጂውን ይዞ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ከቆርቆሮው ውስጥ ካሉት ሰዎች የዘጠኙን ስም እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ካሜራው ሻተሩ ሳይወጠር፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ይቀመጥ። በክረምቱ እርጥበት ሌንስ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ይበቅላልና፣ መስከረም ሲጠባ ሌንሱን አውጥተው ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ብሩህ መስኮት ላይ አንድ ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ከረጢቱንም በአዲስ ይለውጡት።